ከመጫንሽ በፊት መመለሻውን አሳዪኝ

ሜሮን የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ጋሼ ታደሰ በቴሌኮም ቴክኒሻንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤቷ ናቸው። የሚነጋገሩት በሜሮን ቤት ስላለው የዋይፋይ ራውተር ነው። ፋብሪካው የጫነበትን ፈርምዌር አንስታ ኦፕን-ደብሊውአርቲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ልትጭንበት አስባለች።

ጋሼ ታደሰ፦ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ራውተሩ ይሠራል አይደል? የሚሠራ ዕቃ ለምን ይነካል?

ሜሮን፦ ይሠራል ጋሼ። የሚያሳስበኝ በምን ላይ እንደሚሠራ ነው። ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7 ነው፣ ቨርዥን 2። ፋብሪካው ለዚህ ሞዴል አፕዴት ማውጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ የተገኘ የደህንነት ቀዳዳ ካለ እንደተከፈተ ነው የቀረው። የቤታችን ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን ሁሉ ደግሞ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ጋሼ ታደሰ፦ ቀዳዳ መኖሩና በቀዳዳው ሰው መግባቱ ይለያያል። የኮንዶሚኒየም ቤት ራውተር ማን ብሎ ይፈልገዋል?

ሜሮን፦ ለይቶ የሚፈልገው የለም፤ በጅምላ ነው የሚለቀሙት። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይፋ ሲወጣ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ዕቃዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ሊንክሲስ፣ ማይክሮቲክ፣ ኔትጊር፣ ቲፒ-ሊንክ፣ ሁሉም አሉበት። ኤፍቢአይ ሰዉ ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ እስከ መጠየቅ ደረሰ። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ክፍል ግን ዕቃው ጠፍቶ ቢበራም አይለቅም ነበር። ከእነዚያ ቤቶች ውስጥ ስንቱ «የእኔን ማን ይፈልገዋል» ብሎ ይሆን?

ጋሼ ታደሰ፦ እሺ፣ ይሁን። ሌባው ቢገባ እንኳ ዕቃው ይሠራል። አንቺ በገዛ እጅሽ ከገደልሽው ግን ዕቃም የለሽም።

ሜሮን፦ ሌባውም ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኦክቶበር ወር የአንድ የአሜሪካ ኢንተርኔት አቅራቢ ደንበኞች ራውተሮች፣ ከ600,000 በላይ የሚሆኑት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሥራ ውጪ ሆነዋል። ተንኮል አዘል ፕሮግራም ገብቶባቸው እንደገና እንዳይነሱ ሆነው ስለተበላሹ መቀየር ነበረባቸው። ባለቤቶቹ ምንም አልነኩም፤ ማታ በርቶ የተውት ዕቃ ነው ጠዋት አልነሳ ያለው።

ጋሼ ታደሰ፦ እንግዲያው ሁለቱም አደጋ ነው። ልዩነታቸውን ግን አትርሺ። የሌባው መቼ እንደሚመጣ፣ ይምጣ አይምጣም አይታወቅም። ያንቺው ቀን ተቆርጦለታል።

ሜሮን፦ ለእኔ ጥሩው ነገር እሱ ነው። ቀኑን ስለማውቀው ልዘጋጅበት እችላለሁ። ለሌላው ምን አዘጋጃለሁ?

ጋሼ ታደሰ፦ ዝግጅትሽን እንየው እንግዲህ። እየጫንሽ መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? በዚህ ሰፈር ይሄ «ምናልባት» የሚባል ነገር አይደለም።

ሜሮን፦ ከሁሉም በፊት የፈራሁት እሱን ነበር። አሠራሩን ሳጠናው ግን ፍርሃቴ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። የራውተሩ ፍላሽ ቺፕ ወጥ አይደለም፣ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። ፊት ላይ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲገባ ቀድሞ የሚነቃውና ዋናውን ሶፍትዌር ፈልጎ የሚያስነሳው እሱ ነው። ቀጥሎ ዋናው ፈርምዌር አለ። መጨረሻ ላይ የሬዲዮው ልኬት የተጻፈባት ትንሽ ክፍል አለች። እኔ ስጭን ተደምስሶ እንደገና የሚጻፈው የመሀሉ ብቻ ነው። ጽሕፈቱ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ መሀል መብራት ቢሄድ የመሀሉ ይበላሻል፤ ቡትሎደሩ ግን እንዳለ ይቆያል።

ጋሼ ታደሰ፦ ስለዚህ አይነሳም፣ ግን አልሞተም።

ሜሮን፦ አዎ። ሪሴት ቁልፉን ተጭኜ ሳበራው ቡትሎደሩ በኔትወርክ ገመዱ በኩል ኮምፒውተር ይፈልጋል። ላፕቶፔን 192.168.0.66 የሚል አድራሻ ሰጥቼው፣ ቲኤፍቲፒ የሚባለውን የፋይል መላኪያ ከፍቼ፣ የፋብሪካውን ፈርምዌር አምራቹ በወሰነው ስም አስቀምጬ እጠብቀዋለሁ። መጥቶ ይወስደዋል፣ ራሱ ይጽፈዋል፣ ራሱ ይነሳል። የፋይሉ ስም በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ግን አያገኘውም።

ጋሼ ታደሰ፦ ሞክረሽዋል?

ሜሮን፦ አልሞከርኩም። በደንብ አንብቤዋለሁ።

ጋሼ ታደሰ፦ ይኸውልሽ ልጄ፣ እኛ ከስልክ ማዕከል አንድ ካርድ ከመንቀላችን በፊት መለዋወጫው ሌላ ቦታ ተሰክቶ መሥራቱን እናይ ነበር። መጋዘን ውስጥ አለ መባሉ አይበቃንም። አንቺም መመለሻ አለኝ ብለሽ ስታበቂ መመለሻው የሚሠራ መሆኑን የምታውቂው ከተበላሸ በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ደግሞ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ቤተሰብ ይጮህብሻል፣ ላፕቶፑ ፋየርዎል ዘግቶ እንደሆነ እንኳ ማየት ያቅትሻል። ለምን አሁን አትሞክሪውም? ራውተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የፋብሪካውን ፈርምዌር ራሱን በዚያው በመመለሻው መንገድ ጫኚበት። ያው የነበረው ነው የሚመለሰው። ከሠራ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዓይንሽ አየሽ።

ሜሮን፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነዎት፤ ሴቲንጉ ቢጠፋ እንኳ ቀድሜ ሴቭ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠንቀቅ፦ ቲፒ-ሊንክ ከሚያወጣቸው ፋይሎች አንዳንዶቹ ስማቸው ውስጥ «ቡት» የሚል ቃል አለ። እነዚያ ቡትሎደሩንም አብረው ይዘዋል። እንዳሉ በፈርምዌሩ ቦታ ላይ ከተጻፉ ራውተሩ ፈርምዌር ሊያነብ ሲሄድ ቡትሎደር ያገኛል፣ አይነሳም። ስለዚህ ለሙከራውም ሆነ ለመመለሻው ያ ክፍል ተቆርጦ የወጣበትን ፋይል ነው የማዘጋጀው።

ጋሼ ታደሰ፦ አየሽ፣ ሳትነኪው ገና አንድ ገደል አለፍሽ። ቅድም ፍርሃቴ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ ያልሽው ወዴት ነው?

ሜሮን፦ ወደ ተሳሳተ ፋይል። መብራት ቢሄድ የተቋረጠ ሥራ ነው የሚኖረኝ፣ ይጠገናል። የተሳሳተ ፋይል ግን ሥራውን በሰላም ጨርሶ ነው የሚያበላሸው። የሞዴል ስም ብዙ አይነግርዎትም፤ ከታች የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን የቨርዥን ቁጥር ማየት ነው። አርቸር ሲ7 ራሱ ቨርዥን 1 ከሆነ የ5 ጊጋኸርዙ ሬዲዮ ቺፕ በነፃው ሶፍትዌር አይሠራም። እንደ እኔው ቨርዥን 2 ከሆነ ይሠራል፤ 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ስላለውም ይበቃዋል። መልካቸውን ቢያዩት ግን አንድ ናቸው። በየቤቱ ያለውን ቲፒ-ሊንክ 841ንም ይውሰዱት፦ ቨርዥን 13 ባለ 8 ሜጋባይት ፍላሽና ባለ 64 ሜጋባይት ራም ነበር፤ ቨርዥን 14 ተመልሶ ወደ 4ና 32 ወረደ። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ደግሞ 4ና 32 የሆኑትን ከቨርዥን 19.07 በኋላ አይደግፍም። አዲሱን የገዛ ሰው የባሰውን ገዛ ማለት ነው።

ጋሼ ታደሰ፦ ስሙን ይዘው ሆዱን ይቀይሩታል?

ሜሮን፦ ይቀይሩታል። ኦፕን-ደብሊውአርቲ የተነሳበት ራውተርም እንዲሁ ሆኗል። ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባለውን ራውተር እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ አወጣ። ውስጡ ሊኑክስ መሆኑ ታወቀ፤ የሊኑክስ ፈቃድ ኮዱን ለሕዝብ መልቀቅ ግዴታ ስለሚያደርግ በ2003 ኮዱ ተለቀቀ። በ2004 ኦፕን-ደብሊውአርቲ ከዚያ ኮድ ተነሳ፤ የፕሮጀክቱ ስም ራሱ ከራውተሩ ሞዴል የመጣ ነው። በ2005 ግን ቨርዥን 5 ብለው ያወጡት ራውተር ሊኑክሱ ወጥቶ፣ ፍላሹ ከ4 ወደ 2 ሜጋባይት፣ ራሙ ከ16 ወደ 8 ወርዶ መጣ። ሊኑክሱን ለሚፈልጉ ደብሊውአርቲ54ጂኤል የሚባል ሌላ አወጡላቸው። ያኔ ስሙን አይቶ የገዛና ቁጥሩን አይቶ የገዛ ሰው ቤቱ የገባው የተለያየ ዕቃ ነው።

ጋሼ ታደሰ፦ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍልስ? የሬዲዮ ልኬት ያልሽው።

ሜሮን፦ እሷም በጣም ታሳስበኛለች። ፋብሪካው እያንዳንዱን ራውተር ለብቻው ለክቶ ነው የጻፋት፤ የሁለት ራውተር ልኬት አንድ አይሆንም። ከጠፋች ከኢንተርኔት አትወርድም፣ የሌላ ራውተር ልኬትም ልክ አይሆናትም። ዋይፋዩ ይዳከማል ወይም ጭራሽ አይነሳም። በወጉ ሲጫን አትነካም። ቢሆንም አዲሱ ሶፍትዌር እንደተነሳ መጀመሪያ የማደርገው ያችን ክፍል ገልብጦ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ነገር ፍላሽ ዲስክ መቆጠብ አያስፈልግም።

ጋሼ ታደሰ፦ ቡትሎደሩ ራሱ ቢጠፋስ?

ሜሮን፦ ከዚያ በኋላ ሳጥኑን መክፈት ነው። ቺፑን በቆንጥጦ መያዣ ይዞ በውጪ መጻፊያ መጻፍ ይቻላል፤ ሲኤች341ኤ የሚባል ርካሽ መሣሪያ አለ። እኔ ግን እዚያ ድረስ አልሄድም።

ጋሼ ታደሰ፦ እዚያ ከደረሰ ለእኔ ስጪኝ። ሴሪያል ፒን ካለው መበየዱ አያስቸግረኝም። ብቻ 3.3 ቮልት መሆኑን አይተሽ መቀየሪያውን ግዢ፤ 5 ቮልት ከላክሽበት ሲታመም የነበረውን ትገድዪዋለሽ። የመብራቱን ፒን ደግሞ ጭራሽ አትንኪው፣ ግራውንድ፣ ላኪና ተቀባይ ይበቁሻል።

ሜሮን፦ እሺ። ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፣ ሳይሞት የሞተ የሚመስልበት ጊዜ። ኦፕን-ደብሊውአርቲ መጀመሪያ ሲነሳ ዋይፋዩ ዝግ ነው። ሆን ብለው ነው፤ ያለ የይለፍ ቃል ክፍት ሆኖ እንዳይነሳ። አድራሻውም ወደ 192.168.1.1 ይቀየራል። ይህን የማያውቅ ሰው ስልኩ ላይ የዋይፋዩን ስም ሲያጣ «አለቀ» ብሎ ይነቅለዋል፣ ሌላ ፋይል ይሞክርበታል፣ እውነተኛው ብልሽት ከዚያ ይጀምራል። በሙከራ ላይ ያለውን ቨርዥን ካወረደ ደግሞ በብራውዘር የሚከፈተው ገጽም አብሮ አይመጣም። እኔ የተረጋጋውን ቨርዥን ነው የምወስደው፤ ከፋብሪካው ፈርምዌር ለሚነሳ ሰው «ፋክተሪ» የሚለውን ፋይል። «ሲስአፕግሬድ» የሚለው ቀድሞ ለተጫነበት ነው።

ጋሼ ታደሰ፦ ፋይሉን ከየት ነው የምታመጪው? እዚህ አገር ሁሉም ነገር ከቴሌግራም ነው የሚወርደው።

ሜሮን፦ ከፕሮጀክቱ ከራሱ ብቻ። ቴሌግራም ላይ «የተፈተነ» ብሎ የለጠፈ ሰው ምን እንደጨመረበት በምን አውቃለሁ? የቤቱ ትራፊክ ሁሉ የሚያልፍበትን በር ለማላውቀው ሰው መስጠት ይሆንብኛል። ካወረድኩ በኋላ ሻ-256 የሚባለውን የማረጋገጫ ቁጥር ከገጹ ጋር አመሳክራለሁ። እውነቱን ለመናገር ፕሮጀክቱም እንከን የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዲሴምበር ላይ ለተጠቃሚ እንደ ምርጫው ፈርምዌር አዘጋጅቶ የሚሰጠው አገልግሎታቸው ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ማረጋገጫውን አሳጥረው ስለሚጠቀሙበት አንዱን ፋይል በሌላ መተካት የሚቻልበት መንገድ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ዘጉት፣ ለሕዝብም አሳወቁ። እኔ የማምነው ስህተት ሲገኝ ምን እንደሚያደርጉ አይቼ ነው።

ጋሼ ታደሰ፦ አሁን ወደ ቤትሽ ሰዎች እንምጣ። ራውተሩ ያንቺ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን የሁሉም ነው። እናትሽ ዱባይ ካለችው እህትሽ ጋር በየማታው ያወራሉ። ወንድምሽ ዮናስ ለፈተና ይዘጋጃል። አንቺ ስትጭኚ እነሱስ?

ሜሮን፦ ለዚህ ነው ከአቅራቢው የመጣውን የፋይበር ሳጥን የማልነካው። እሱ የእኛ አይደለም፤ መስመራችን የተመዘገበው በእሱ ነው፣ ሴቲንጉም በእነሱ እጅ ነው። የራሱ ዋይፋይ አለው፣ ደካማ ቢሆንም ሳሎን ይደርሳል። የእኔ ራውተር ከእሱ ኋላ የተሰካ ነው። የእኔው ቢሞት እማዬ ሳሎን ተቀምጣ ታወራለች።

ጋሼ ታደሰ፦ የሳጥኑ ዋይፋይ አሁን ይሠራል? የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ አለ?

ሜሮን፦ እሱንም ከመጀመሬ በፊት አየዋለሁ። ፋይሎቹን ሁሉ፣ መመሪያውን ሳይቀር፣ ቀድሜ ላፕቶፑ ላይ አወርዳለሁ። ኢንተርኔት አጥቶ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚጠገን ከኢንተርኔት መፈለግ አይቻልም።

ጋሼ ታደሰ፦ ይሄን ሁሉ ደክመሽ የምታገኚው ምንድን ነው? ደህንነቱን ነገርሽኝ። ሌላስ?

ሜሮን፦ የእማዬ ጥሪ። ዮናስ ቪዲዮ ሲያወርድ የእህቴ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ፊቷ ይደርቃል። መስመሩ አንሶ አይደለም። ራውተሩና ሳጥኑ የመጣላቸውን ሁሉ አንድ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ስለሚያስገቡ ነው። አንድ ደብዳቤ የያዘች ሴት መቶ ጆንያ ከጫነ ሰው ኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ላይ ኬክ የሚባል የሰልፍ አያያዝ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ሊኑክስ የገባ ነው። ፍጥነቱን ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይይዘውና ለእያንዳንዱ ግንኙነት በየተራ ያሳልፋል። የዮናስ ማውረድ በጥቂቱ ይዘገያል፣ የእህቴ ድምፅ ግን አይቆረጥም። ይሄ የፋብሪካው ፈርምዌር ላይ የለም።

ጋሼ ታደሰ፦ የምታጪውስ?

ሜሮን፦ ፍጥነት። የፋብሪካው ፈርምዌር ቺፑ ውስጥ ያለውን የፍጥነት ማቀላጠፊያ ይጠቀማል፤ ነፃው አይጠቀምም። ጊጋቢት መስመር ያለው ሰው ከዚህ ራውተር ላይ ብዙ ያጣል። የእኛ መስመር እዚያ አይደርስምና አይሰማንም። ዋስትናም አጣለሁ፣ የእኔ ግን ካለቀ ቆይቷል። አንዳንዱ ሰው የሬዲዮውን ኃይል ከፍ ለማድረግ ብሎ ይጭነዋል፤ እሱን አላደርገውም። የሌላውን ሰው ሞገድ መረበሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ራውተሮቹ ከተፈቀደው በላይ ኃይል እንዲያወጡ የሚያስችል ሴቲንግ ስለነበራቸው ቲፒ-ሊንክን 200,000 ዶላር አስከፍሎታል። አገሩን ኢትዮጵያ ብዬ መርጬ እተወዋለሁ።

ጋሼ ታደሰ፦ ብዙውን መልሰሽልኛል። አንድ ጥያቄ ግን አልመለስሽልኝም። ያሳሰበሽ የቀረው አፕዴት ነው አላልሽም? አዲሱንስ ማን ነው አፕዴት የሚያደርገው? ነገ ሥራ ሐዋሳ ብታገኚና ብትሄጂ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ይሄ ራውተር ዛሬ ካለው የሚሻለው በምንድን ነው?

ሜሮን፦ በምንም አይሻልም። ምናልባትም ይብሳል፤ ቤት ውስጥ ማንም የማያውቀው ዕቃ ሆኖ ይቀራል። እኔ እዚህ እስካለሁ የደህንነት ማስታወቂያቸውን እከታተላለሁ፣ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ እጭናለሁ። ዮናስንም እያየ እንዲማር አስቀምጠዋለሁ። የምሄድ ከሆነ ግን ራሱን አፕዴት የሚያደርግ አዲስ ራውተር ገዝቼ ነው የምሄደው። ይሄ ሥራ ቋሚ ጠባቂ ለሌለው ቤት አይሆንም። አክስቴ ጫኚልኝ ቢሉኝ ኖሮ እንኳ፣ ቤታቸው የሚከታተል ሰው ስለሌለ፣ እኔው ነበርኩ የምከለክላቸው።

ጋሼ ታደሰ፦ ከመጀመሪያው እንዲህ የተዘጋጀ ራውተር የለም እንዴ? መመለሻው አብሮት የተሠራ?

ሜሮን፦ አለ። አንዳንድ የሊንክሲስ ሞዴሎች ሁለት ፈርምዌር ይይዛሉ፤ አንዱ በተከታታይ ሦስት ጊዜ መነሳት ካቃተው ወደ ሌላው ይዞራሉ። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ «ዋን» የሚባል ራውተር አውጥቷል፣ 89 ዶላር ነበር። ሁለት የተለያዩ ፍላሽ ቺፖች አሉት፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለመመለሻ። ዋናው ቢበላሽ አንዲት ማብሪያ ገልብጦ ከሌላው ማስነሳት ነው። እዚህ አስመጥቶ መግዛቱ ነው የሚከብደው፣ አለበለዚያ ዛሬ ይሄን ሁሉ ባላወራን ነበር።

ጋሼ ታደሰ፦ ያው ነው፣ ፋብሪካው በሁለት ቺፕ የሠራላቸውን አንቺ በላፕቶፕና በገመድ ትሠሪዋለሽ። እኔ አልከለክልሽም አሁን። ቀኑ ግን ቅዳሜ ከሰዓት አይሁን፤ ቢበላሽ ይመሽብሻል።

ሜሮን፦ የዮናስ ፈተና ካለቀ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት ይሁን። ሐሙስ ማታ ደግሞ የመመለሻውን ሙከራ።

ጋሼ ታደሰ፦ ለመብራት መጥፋቱ ባለባትሪውን ዩፒኤስ እኔ አመጣለሁ። ባትሪው ስላረጀ ሐሙስ ዕለት ራውተሩንና ላፕቶፑን ሰክተን፣ ከግድግዳው ነቅለን፣ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ እናየዋለን። አሥር ደቂቃ ካልያዘ የቅዳሜው ይቀራል።

ሜሮን፦ ካልያዘ ባትሪ እገዛለታለሁ።

ጋሼ ታደሰ፦ ከመግዛትሽ በፊት ቮልቱን ላንብብልሽ። የኔትወርክ ገመዱንም አምጪልኝ፣ ፒኖቹን በመለኪያ አያቸዋለሁ።